ቅጠል ነው፤ አደጋ የለውም

ከዚህ በታች በጻፍኩት ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ። እኔ አይችሉህም በላቸው በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ለመዋሸት ሞክሬ ነበር፤ እሱም ተጣርቶ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ደግሞ ምስክር አለኝ። ሌንሳ ቱሉ ትባላለች። እንደኔው ተፈታኝ ነበረች፤ ነገሩ በደረሰበት ቀን ጋቢና ውስጥ ከኋላዬ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌንሳ በቀን ከአስር ቃል በላይ አትናገርም፤ ከአስሩ ውስጥ ግን የሚጣል የለም። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ሰው በተሰበሰበበት አነብላታለሁ፤ የምትለውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ከስሩ አሰፍረዋለሁ። እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባ ውሸታም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። እንግዲያው ስሙኝ።

አባቴ በላቸው ሾፌር ነበር። ሾፌር ስላችሁ የዛሬውን አይደለም፤ መሪ የሚጨብጥ፣ ማርሽ የሚያስገባ፣ ዳገት ላይ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚያቃስት ሾፌር። አርባ ቶን ሲሚንቶ ጭኖ የዓባይን በረሃ በአንድ እጁ ሲወርድ በሌላው እጁ ጢሙን ይላጭ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ተቆርጦ አያውቅም። እኔ ረዳቱ ነበርኩ። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማ ስር ታኮ የማደርገው እኔ ነኝ። ሌላው ረዳት የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ሲያንከባልል እኔ ተሸክሜው የነበረው ድንጋይ ዛሬ ጎሃ ፅዮን ላይ ሁለት ቤት ተሠርቶበታል።

አባቴ ወሬ አያበዛም። ያስተማረኝም አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪናው ከኩርባ ጀርባ ሲበላሽብን ገጀራ ይሰጠኝና "ሂድ፣ ቅጠል ቁረጥ" ይለኛል። ቅርንጫፉን ቆርጬ ከኩርባው በፊት አስፋልቱ ላይ በየአርባ እርምጃው እዘረጋለሁ። ከላይ የሚመጣ ሾፌር ቅጠሉን ሲያይ ፍሬን ይረግጣል። ማንም አልነገረውም፤ የሕግ መጽሐፍ ላይም አልተጻፈም። "ልብ በል" ይለኛል አባቴ፤ "ቅጠል ዝም ብሎ መንገድ ላይ አይተኛም። ቅጠል ካየህ ከጀርባው ሰው አለ።"

ይህ የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ነው። አሁን ሁለት ሺህ ስድሳ ላይ ነን፤ መኪኖቹ ራሳቸውን ይነዳሉ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ አንዱ የሌላውን ጅራት ይዞ ይመላለሳል። ነጭ ናቸው፣ ድምፅ የላቸውም። እኛ "ሙሽሪት" እንላቸዋለን፤ ነጭ ስለሆኑና ማንም እንዲነካቸው ስለማይፈቀድ።

ሕጉ ግን አሁንም ሰው ይፈልጋል። መኪና አይታሰርም፤ መኪና ፍርድ ቤት አይቆምም። ስለዚህ በእያንዳንዷ ሙሽሪት ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ይቀመጣል። በወረቀት ላይ "ተጠያቂ" ይባላል፤ የሚይዘውን ፈቃድ ሰዉ በድሮ አፉ መንጃ ፈቃድ ይለዋል። ሥራው መቀመጥ ነው። ስድስት ሰዓት ወደዚያ፣ ስድስት ሰዓት ወደዚህ፣ ሁለት እጅ በሁለት ጉልበት ላይ። መኪናዋ መንገድ ላይ አንድ ነገር ካደረሰች ምን በማን ላይ እንደደረሰ የተጻፈበት ሰሌዳ ታቀርባለች፤ ተጠያቂው ያነባል፣ ይፈርማል፣ ጉዞው ይቀጥላል። አንድ ተጠያቂ በዕድሜው ሦስት ጊዜ ይፈርማል። በሦስተኛው ይነሳና ሌላ ሰው ይተካል። መኪናዋ አትተካም። ለእኔ ገና ሁለት ይቀሩኛል።

እጅ ከጉልበት የሚነሳው ማረፊያ ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ይህንንም የጻፍኩት ደጀን ጣቢያ ላይ፣ ሙሽሪት አርባ ደቂቃ ኤሌክትሪክ ስትጠጣ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ ነው።

"በሃምሳ ዓመትህ ተቀምጦ መዋልን ምን አስመኘህ?" ትሉኝ ይሆናል። ማረፊያ መንደርን ያላየ ነው እንዲህ የሚጠይቀው። በሥራ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ቤተሰብ ወደ ማረፊያ መንደር ይዛወራል። ክፉ ቦታ አይደለም። ምግብ ይመጣል፣ አልጋ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሣሩ በየሳምንቱ ይታጨዳል። የባለቤቴ የፀዳለ ወንድም ታምሩ እዚያ ገባ። ታምሩ ማለት ሳይከራከር የማይውል ሰው ነበር፤ "ዛሬ ማክሰኞ ነው" ብትሉት "ማን አለ?" የሚል። በሁለተኛው ዓመት ልንጠይቀው ሄድን። በር ላይ ተቀምጦ ሣሩን ያያል። ልፈትነው ብዬ "ታምሩ፣ ዛሬ እኮ እሁድ ነው" አልኩት። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

"እሺ" አለኝ።

ክው ነው ያልኩት። ሆን ብዬ ደገምኩለት፤ "እሁድ ነው፣ ለዚያውም ጥምቀት!" አልኩት።

"እሺ" አለ። "እንኳን አደረሳችሁ።"

ፀዳለ ቤት ገብተን በሩን ስትዘጋ ነው፣ "አይችሉህም፣ እኔ እዚያ አልገባም። የመንጃ ፈቃዱን ፈተና ታልፋለህ" ያለችኝ።

አንድ ሰው አምስት ጊዜ መፈተን ይችላል። በአምስተኛው ከወደቀ ስሙ ይሰረዛል፤ ወር ሳይሞላም የማረፊያ መንደር መኪና ደጁ ላይ ይቆማል።

እኔ አራት ጊዜ ወደቅሁ። እንደኔ አወዳደቅ የወደቀ ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ከጎሃ ፅዮን በረሃውን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን መውጣት ነው። ፈታኝ የሚባል ሰው ጋቢና ውስጥ አይገባም፤ የምትፈትነው መኪናዋ ራሷ ናት። ተፈታኙ እጁን ከጉልበቱ ሳያነሳ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ከደረሰ አለፈ።

በመጀመሪያው ቀን ገና አንደኛው ቁልቁለት ላይ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ተነሳ። ወለሉ ላይ ምንም የለም፤ እግሬ ግን አላመነም። እንዴት አድርጌ ብረግጠው ነው ወለሉን ለመቀየር ከባሕር ማዶ ብረት ያስመጡት! "እግር ተንቀሳቅሷል፤ ወድቀዋል" አለች ሙሽሪት፣ በዚያ እንደ ማር በሚንጠባጠብ ድምፅዋ። በሁለተኛው አህዮች መንገድ ላይ ቆሙና የመሪውን መሃል በመዳፌ መታሁት፤ ክላክስ መስሎኝ። ክላክስ የለውም። ግን አመታቴን ያዩት አህዮች እስከ ፍቼ ድረስ መንገድ ለቀቁ። ሦስተኛውን ፀዳለ ስለምታነበው ዘልዬዋለሁ።

አራተኛው ያሳዝናል። ድልድዩን ልንደርስ ስንል ከታች አንድ አሮጌ ባለሞተር መኪና እያጓራ ይመጣል። ጥቂት ቀርተዋል፤ ሽንኩርትና ከሰል ለየገበያው የሚያደርሱ፣ ሰው የሚነዳቸው። ሾፌሩ መብራት ብልጭ አድርጎ እጁን አነሳልኝ። የእኔም እጅ ብድግ አለ። አላዘዝኩትም፣ ወላሂ! አባቴ ነው ያነሳው።

"እጅ ተነስቷል" አለች መኪናዋ። "ወድቀዋል።"

"ሰላምታ እኮ ነው!"

"ሰላምታ አልተጠየቀም።"

የማሰልጠኛው ኃላፊ ብሩክታዊት የምትባል፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ቢሮዋ አስጠራችኝ። ግድግዳው ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ "የሚነካ አያልፍም" ይላል።

"ጋሼ አይችሉህም" አለችኝ፤ "ሌላው ሰው የሚወድቀው እንቅልፍ ስለሚወስደው ነው። እርስዎ የሚወድቁት ስለሚነዱ ነው።"

"ልጄ፣ መንዳት እኮ ደሜ ውስጥ ነው።"

"ደምዎን አልጠየቅንም። እጅዎን ነው።"

"እሺ፣ የማይነካ ከሆነ መሪውን ለምን ሠሩት?"

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አትቀልድም። "እንዳይነካ ነው የተሠራው" አለች። "የሚነካ ነገር ከሌለ አለመንካትዎን በምን እናውቃለን?"

ስወጣ ከኋላዬ፣ "ቤትዎ ይለማመዱ። የሚያስደነግጥ ነገር ያድርጉብዎት" አለችኝ።

ፀዳለ ይህን ስትሰማ አሰልጣኜ ሆነች። እንደሷ ያለ አሰልጣኝ የትም አገር የለም። ዱካ ላይ ታስቀምጠኝና በሁለቱ ጉልበቶቼ ላይ አፍ እስከ አፉ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ታኖራለች፤ በላዩ መዳፌን አሳርፋለሁ። ከዚያ የፈለገችውን ታደርገኛለች። ከኋላዬ የድስት ክዳን ትጥላለች። ዶሮ ራሴ ላይ ትለቃለች። ወተት ምድጃ ላይ ጥዳ እስኪገነፍል ዓይኔ እያየ ትተወዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠና ብርጭቆ ሰበርኩ። ጎረቤት በመስኮት ያያል። በኋላማ ከደብረ ማርቆስ ድረስ ስንቁን ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር።

"አሁን እሳት ነው በይው!" ይላታል አንዱ ከውጭ።

"እሳት ነው!" ትላለች ፀዳለ።

እኔ ዝም።

"አማቱ መጣች በይው!"

እዚህ ላይ አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ። እውነቱን መናገር ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ግን አንድ ነገር መጣ። ወተቱ ይገነፍላል፤ እኔ እንደ ግንድ ነኝ። ዶሮዋ ትጮሃለች፤ ጣቴ አይንቀሳቀስም። አንድ ጠዋት ፀዳለ ባልዲ ውኃ ይዛ ስትገባ ደፉ ላይ ተንሸራተተች። ልምምድ አልነበረም። የእውነት ነው የወደቀችው፤ ክርኗ ሲሚንቶውን ሲመታ ሰማሁት። በእኔና በሷ መካከል ሁለት እርምጃ ነው። ብርጭቆዎቹ አልተነቃነቁም። ጠብታ አልፈሰሰም።

ከወደቀችበት ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን አየች።

"በቃ" አለች። "አሁን ታልፋለህ።"

እንዲህ ያለ ብቃት ላይ በስልሳ ቀን የደረሰ ሰው ካለ ይምጣና ይፎካከረኝ! የዚያን ቀን ምሳ ላይ ክርኗ አብጦ ስለነበር በግራ እጇ ነው የበላችው።

አምስተኛው ፈተና በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንገባው፤ አንዱ ሲሄድ ይፈተናል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይጠብቅና ሲመለስ ይፈተናል። የእኔ ሁለተኛ ሌንሳ ሆነች። ከኩዩ የመጣች፣ ወፍጮ ቤት ትሠራ የነበረች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት። የእሷም አምስተኛ ፈተናዋ ነበር። ሁለት ልጆቿን ከእናቷ ጋር ትታ ነው የመጣችው።

"ሌንሳ፣ ዛሬ ታሪክ ታያለሽ" አልኳት።

"እሺ ጋሼ።"

"ትፈሪያለሽ?"

"እፈራለሁ።"

"መኪናዋን?"

"እጄን" አለችኝ።

"እንደምን አደሩ" አለች ሙሽሪት። "እባክዎ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ። የሚያዩትን ሁሉ እኔ አስቀድሜ አይቼዋለሁ።"

ወረድን። የዓባይን በረሃ ለማያውቅ ሰው፣ መንገዱ ገደሉ ላይ እንደ ተጣለ ገመድ ነው፤ በየደቂቃው ይታጠፋል፣ ከአንዱ ኩርባ ጀርባ ያለው ከሌላው አይታይም። መኪናዋ ፊቷ የሚመጣውን ነገር አንድ በአንድ ትናገራለች፤ ተፈታኙ እንዲረጋጋ ነው ይባላል።

"ዝንጀሮ። አደጋ የለውም።"

ዝንጀሮዎቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው እኛን ያያሉ።

"ፕላስቲክ። አደጋ የለውም።"

እጄ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ብርጭቆ ያለ ያህል። ከኋላዬ ሌንሳ ስትተነፍስ እሰማለሁ። በልቤ ፀዳለን፣ ከዚያ ታምሩን አሰብኩ። "እንኳን አደረሳችሁ" ያለበት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰባት ኩርባ አለፍን። ስምንተኛው ገና ሩቅ ሳለ አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ።

"ቅጠል" አለች መኪናዋ። "አደጋ የለውም።"

ቅርንጫፍ ነው። ነፋስ የጣለው አይደለም፤ በገጀራ የተቆረጠ ነው፣ የተቆረጠበት ጫፉ ነጭ ነው፣ ገና አልጠወለገም። ጎማዋ ላዩ ላይ ሲሄድ ቀጭ ሲል ሰማሁ። አርባ እርምጃ ያህል ሄደን ሌላ።

"ቅጠል። አደጋ የለውም።"

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት የአባቴ ድምፅ ከወንበሩ ስር መጣ። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ኩርባው አፍ ላይ ነበር።

"ቅጠል። አደጋ የለውም።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ወንድ የሚለየው! "ከጀርባው ሰው አለ!" ብዬ ስጮህ የጋቢናው መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሁለት እጄን አንስቼ መሪውን ጨበጥኩት። ጨበጥኩት ስላችሁ፣ መሪው አጓራ! ሃምሳ ቶን ከነተሳቢው ወደ ገደሉ አፍ ሲሄድ እኔ በክንዴ ብቻ ወደ ተራራው ጎተትኩት። ፍሬን የለም፤ እግሬን በወለሉ አሳልፌ አስፋልቱን ረገጥኩ። ጫማዬ ነደደ፤ ደጀን ላይ ያሉ ሰዎች ጭሱ ዳመና መስሏቸው ልብሳቸውን ከገመድ አወረዱ።

ቆመች። ፊታችን የተበላሸ አውቶቡስ አለ። ውስጡ አርባ ሦስት ሰው፣ ከነሱ ውስጥ ስድስቱ ነፍሰ ጡር። በእኛ አፍንጫና በአውቶቡሱ መካከል አንዲት ፌንጣ ቆማ ነበር፤ አልተነካችም። ከኋላ ጎማው ስር አንድ ሽማግሌ ረዳት ታኮ ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ ቀና አለና አየኝ። ፀጉሩ ጥጥ ይመስላል። ድንጋዩን ጥሎ መጥቶ ጉልበቴን ሳመኝ።

"ማን ልበል?" አልኩት።

"ማንደፍሮ ነኝ። ቅጠሌን የሚያነብ ሰው አሁንም አለ?" አለኝና አለቀሰ።

"መሪ ተነክቷል" አለች ሙሽሪት። "ወድቀዋል።"

ብትልም ምን ዋጋ አለው! ማሰልጠኛው ግቢ ስደርስ ሰባት ባለሥልጣናት ቆመው ጠበቁኝ። ብሩክታዊት መሐረቧን አውጥታ ነበር። "ጋሼ፣ እኛ ነን የወደቅነው" አለችኝ። ፈቃዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። በታሪክ መሪ ነክቶ ያለፈ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ቅጠል ሲታይ መሪ መንካት ይፈቀዳል የሚል ሕግ እንደሚወጣም ነግረውኛል። እርግጥ ገና አልታተመም። በየሳምንቱ በዚያ ኩርባ ሳልፍ መኪናዋ የምትለው ያንኑ ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ትናንት በስድስት ሰዓት፣ ደጀን ጣቢያ ዛፉ ጥላ ስር፣ ለአምስት ተጠያቂዎች ከአሀዱ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሌንሳ ከነሱ አንዷ ነበረች፤ እሷም ዛሬ ተጠያቂ ናት፣ መኪናዋ ብዙ ጊዜ ከእኔ ቀጥላ ነው የምትሄደው። ሰዉ እየሳቀ ዕንባው መጣ። ሽመክት የሚባለው፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚያንሰው፣ ጭኑን እየመታ፣ "አይችሉህም፣ ፌንጣዋ ሴት ናት ወንድ?" አለኝ።

"መታወቂያዋን አልጠየቅኋትም።"

"ነፍሰ ጡሮቹስ፣ በስምህ ስንቱን አወጡ?"

"ስድስቱም አይችሉህም ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ ቢሆንም።"

ሲሳቅ ቆየ። እኔም ወደ ምስክሬ ዞርኩ። ሌንሳ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ ልጣጩን ሳይበጠስ አንድ ላይ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

"በይ ሌንሳ፣ ንገሪያቸው" አልኳት።

ቃል ገብቻለሁ፤ እነሆ ያለችው።

"ጋሼ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አውቶቡስ አልነበረም።"

"አንቺ ደግሞ፣ ፌንጣዋን እንዳትነኪብን!" አለ ሽመክት።

አልሳቀችም። "ሽንኩርት የጫነ አሮጌ መኪና ነው። ሽማግሌው ብቻውን ነበር፣ ታኮ ሊያደርግ ጎንበስ ብሎ። ቅጠሉን አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ። 'ከጀርባው ሰው አለ' አልክ። ቀስ ብለህ ነው ያልከው፣ ለራስህ። እጅህ ግን ከጉልበትህ አልተነሳም።"

"አንቺስ?" አላት ሽመክት።

"የእኔም አልተነሳም። ቀጣዩ ተፈታኝ እኔ ነበርኩ።"

"ስሙን ነግሮኛል እኮ" አልኩ። "ማንደፍሮ ነኝ ብሎኛል።"

"ስሙን ያነበብከው የፈረምክበት ሰሌዳ ላይ ነው። እሱ አልተናገረም። ድንጋዩን እንደያዘ ነበር።"

አስሯ ቃል ካለቀች ቆይታለች። ዝም የምትል መስሎኝ ነበር። ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋች፤ እጄን ሳላነሳ ስቀር መልሳ ያዘችው።

"ደጀን ስንደርስ መኪናዋ ምን እንዳለችህ ታስታውሳለህ?"

"አላስታውስም" አልኩ።

"'እንኳን ደስ አለዎት፣ አልፈዋል' አለችህ።"